ሴኔቱ ሦስቴ አሳለፈው፣ ምክር ቤቱ አንዴም ድምፅ አልሰጠበትም፦ የኖርዝ ካሮላይና የሕክምና ማሪዋና ጉዳይ

ኬሞ የተባለውን የካንሰር ሕክምና የሚወስድ ዘመድ ያስታመመ ሰው ይህን ያውቀዋል። አጥሚቱ ተሠርቶ ይቀርባል። ሾርባው ሁለቴ ሦስቴ ይሞቃል። አልጋው ዙሪያ የተሰበሰበው ሁሉ «እንደው አንዲት ማንኪያ፣ በሞቴ» እያለ ይለምናል። በሽተኛው ግን ማንኪያው አፉ ጋ ሲደርስ ፊቱን ያዞራል። እልህ ይዞት አይደለም። ሽታው ብቻ ሆዱን ይገለብጠዋል። ብዙም ሳይቆይ ልብሱ ይሰፋዋል፣ ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ይፈልጋል። ቤተሰቡ ከካንሰሩ ይልቅ ረሃቡን መፍራት ይጀምራል።

ለማቅለሽለሽ የሚሰጡ ጥሩ መድኃኒቶች አሉ። ብዙ ሰው ይረዳሉ። ሁሉንም ግን አይረዱም። እነሱ ያልሠሩለት በሽተኛ ቨርጂኒያ የሚኖር ከሆነ፣ ሐኪሙ ማረጋገጫ ይጽፍለታል። ከዚያ ፈቃድ ካለው መሸጫ ሄዶ በላቦራቶሪ የተመረመረ የካናቢስ፣ ማለትም የማሪዋና፣ ምርት ይገዛል። ከድንበሩ ወዲህ፣ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ፣ ያው በሽተኛ ያንኑ ነገር ቢይዝ ሕግ ጥሷል። በሽታው ያው ነው፣ ሰውየውም ያው ነው። የተለወጠው መንገድ ዳር የቆመው «እንኳን ደህና መጡ» የሚል የግዛት ሰሌዳ ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ የሌላ ሰው ጉዳይ አይደለም። ሻርሎት፣ ራሊና ግሪንስቦሮ ውስጥ ሐበሻ ቤተሰብ መሥርቷል፣ ወላጆቹን አምጥቷል። ወላጆቻችን እያረጁ ነው። ካንሰሩም፣ ፓርኪንሰኑም፣ የሚጥል በሽታውም በእኛም በር ይገባል። ስለዚህ የግዛቱ ሕግ አውጪዎች ምን እየሠሩ እንደሆነ፣ በተለይም ምን እየሠሩ እንዳልሆነ፣ በቋንቋችን ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ተሸንፎ ሳይሆን ተቀምጦ የቀረ ረቂቅ

በሴኔቱ በኩል ይህን ሕግ ይዘው የተነሱት ቢል ራቦን ናቸው። ሪፐብሊካን ናቸው። ሙያቸው የእንስሳት ሕክምና ነው። ከዓመታት በፊት ካንሰር ታመው ኬሞ ሲወስዱ ማሪዋና ተጠቅመው እንደረዳቸው በአደባባይ ተናግረዋል። ለአንድ የደቡብ ወግ አጥባቂ ፖለቲከኛ ይህን በሕዝብ ፊት ማለት ቀላል አይደለም። እኔ ለእኚህ ሰው አክብሮት አለኝ። ሲታመሙ ያገኙትን እፎይታ ሌላውም እንዲያገኘው ነው የሚሟገቱት።

ረቂቁን ሴኔቱ በ2022 አሳለፈው። በ2023 መጀመሪያ እንደገና 36 ለ10 በሆነ ድምፅ አሳለፈው። በ2024 ደግሞ ስለ ሄምፕ (የሚያሰክረው ንጥረ ነገር አነስተኛ የሆነበት የካናቢስ ዓይነት) ቁጥጥር ከሚያወራ ሌላ ረቂቅ ጋር አያይዞ ለሦስተኛ ጊዜ ላከው። ሦስቱንም ጊዜ ወረቀቱ የተወካዮች ምክር ቤት ሲደርስ ቆመ። 120ዎቹ ተወካዮች ተሰብስበው «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» ብለው አንድ ቀን እንኳን ድምፅ አልሰጡበትም።

ልዩነቱን ልብ በሉ። ሕግ ቀርቦ ተከራክረውበት ቢሸነፍ አንድ ነገር ነው። ማን እንደተቃወመ ይታወቃል፣ ምክንያቱም ይሰማል፣ በምርጫ ቀን መልስ ይሰጠዋል። ይህ ግን አልተሸነፈም። ተቀምጦ ነው የቀረው። በዚህ መንገድ የቀረ ሕግ ተጠያቂ የለውም።

እንዴት ይህ ይሆናል? ምክር ቤቱን የሚመራው የሪፐብሊካን ቡድን በውስጡ አንድ ልማድ አለው። አፈ ጉባኤው አወዛጋቢ ረቂቅን ወደ መድረክ የሚያወጣው ከራሱ ፓርቲ አባላት ከግማሽ በላይ ሲደግፉት ነው። ቡድኑ ሰባ ገደማ አባላት አሉት። እንግዲህ ቁጭ ብለን እናስላ። ሠላሳ ስድስት ያህል ሰዎች ካልፈለጉት፣ ከዴሞክራቶቹ ጋር ተደምሮ ሰፊ ድጋፍ ያለው ሕግ እንኳ በር ላይ ይቀራል። የቀድሞው አፈ ጉባኤ ቲም ሙር ይህን በግልጽ ሲናገሩ ነበር። እሳቸው አሁን ዋሽንግተን ኮንግረስ ገብተዋል። ከ2025 ጀምሮ ወንበሩ የዴስቲን ሆል ነው። በሩ ግን እስካሁን አልተከፈተም።

የሕዝቡ ስሜት ከዚህ በጣም የራቀ ነው። በግዛቱ ውስጥ ባለፉት ዓመታት የተደረጉ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች፣ ከአስር ሰው ሰባትና ከዚያ በላይ የሕክምና ማሪዋናን እንደሚደግፍ ደጋግመው አሳይተዋል። በሌላ ጉዳይ ሁሉ የሚጣሉት ሪፐብሊካንና ዴሞክራት መራጮች በዚህ ይስማማሉ።

«ታዲያ ሕዝቡ ራሱ ለምን ድምፅ አይሰጥበትም?» ይባል ይሆናል። ካሊፎርኒያ በ1996 እንዲያ ነው ያደረገችው። በኤድስ የሚሠቃዩ የሳን ፍራንሲስኮ ነዋሪዎች ጉዳይ ሕዝቡን አነቃው፣ ፊርማ ተሰበሰበ፣ ፕሮፖዚሽን 215 በምርጫ ካርድ ላይ ወጣ፣ አለፈ። ኦክላሆማም በ2018 በዚሁ መንገድ ሄደች። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ግን ይህ መንገድ የለም። የግዛቱ ሕገ መንግሥት ዜጎች ፊርማ አሰባስበው ሕግ ወደ ሕዝብ ድምፅ እንዲያቀርቡ አይፈቅድም። ያለው በር አንድ ነው። እሱም የምክር ቤቱ በር ነው። «ተወካዮችን እንወትውት» የምለው ለዚህ ነው።

ረቂቁ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው «የሕክምና ማሪዋና» ሲባል በየመንደሩ የሚጨስ ይመስለዋል። የሴኔቱን ረቂቅ ያነበበ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚያገኘው። እጅግ ጠባብ ነው።

የሚፈቅደው ለተዘረዘሩ ከባድ ሕመሞች ነው። ካንሰር፣ የሚጥል በሽታ፣ ኤችአይቪ ኤድስ፣ ፓርኪንሰን፣ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው የነርቭ በሽታ፣ ክሮንስ የሚባለው የአንጀት በሽታ፣ ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታ፣ ከጦርነትና ከከባድ አደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት፣ እንዲሁም ሞቱ የተቃረበ ሰው የመጨረሻ ወራት። ተራ የጀርባ ወይም የጉልበት ሕመም አልተካተተም። ሐኪሙ ሥልጠና መውሰድ አለበት። በሽተኛው ከግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት የመታወቂያ ካርድ ማውጣት አለበት። ጓሮ መትከል አይቻልም። ፈቃድ የሚሰጠው ለ10 አቅራቢዎች ብቻ ነው። ከገቢያቸው ለግዛቱ ድርሻ ይከፍላሉ።

እውነቱን ለመናገር እኔ ከዚህ ሰፋ ቢል እወድ ነበር። ነርቩ ተጎድቶ ሌሊቱን ሙሉ የሚቃጠል ሕመም የያዘው ሰው ለምን ይቅር? ፈቃዱም ለ10 ድርጅቶች ብቻ መሆኑ ትልልቅ ካምፓኒዎችን የሚጠቅም ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ጠባብ በር ከተዘጋ በር ይሻላል።

እዚህ ላይ የጎረቤቶቻችን ልምድ ያስተምራል። የጆርጂያን ነገር አትላንታና ክላርክስተን ያሉ ወገኖቻችን ያውቁታል። ጆርጂያ በ2015 ለተወሰኑ በሽተኞች እስከ 5 በመቶ ቲኤችሲ ያለው ዘይት መያዝ ፈቀደች። ቲኤችሲ ማለት የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ነው። ካርድ ተሰጠ። ወላጆች በደስታ አለቀሱ። ከዚያ ዘይቱ የት ይገዛል ተባለ። የትም። መያዝ ተፈቅዷል፣ መሸጥ ግን አልተፈቀደም። ከሌላ ግዛት ማምጣት ደግሞ የፌዴራል ወንጀል ነው። የሚሸጥበት ሕግ የወጣው በ2019 ነው። የመጀመሪያዎቹ መሸጫዎች የተከፈቱት በ2023 ነው። በ2015 አምስት ዓመቱ የነበረ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ መሸጫው ሲከፈት 13 ዓመት ሞልቶታል። አላባማም በ2021 ሕጉን አጽድቃ፣ ፈቃድ ማን ያግኝ በሚል የፍርድ ቤት ክርክር በሽተኞቿ ዓመታት ጠበቁ። ስለዚህ ተወካዮቹን «ፍቀዱ» ማለት ብቻ አይበቃም። «ሰው እጅ የሚደርስ ሕግ አውጡ» ማለት ያስፈልጋል።

በጎ ምሳሌም አለ። ሚሲሲፒ ማንም ለዘብተኛ የማይላት ግዛት ናት። በ2020 ሕዝቡ በከፍተኛ ድምፅ አጸደቀ። በቀጣዩ ዓመት የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፊርማ አሰባሰቡ ሥርዓት ምክንያት ውጤቱን ሰረዘው። ሕግ አውጪዎቹ ያኔ «ተገላገልን» ብለው መተው ይችሉ ነበር። አልተዉትም። ራሳቸው ቁጭ ብለው ሕጉን ጽፈው በ2022 አጸደቁት። ኬንታኪም በ2023 በሕግ አውጪዎቿ ድምፅ አጽድቃ ከ2025 መጀመሪያ ሥራ ላይ አዋለችው። ሁለቱም ምክር ቤቶች በሪፐብሊካኖች የሚመሩ ናቸው። ዛሬ በአሜሪካ ወደ 40 የሚጠጉ ግዛቶች የሕክምና ማሪዋና ሕግ አላቸው።

ይሠራል ወይ? በሐቀኝነት እንነጋገር

ይሄኛው ጥያቄ ላይ ትንሽ እንቆይ። ደጋፊም ተቃዋሚም የሚዋሸው እዚህ ላይ ነው።

የተክሉን ዋና ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲን፣ ነጥለው ያወቁት የእስራኤሉ ኬሚስት ራፋኤል መሹላም ናቸው፤ በ1964 ከባልደረባቸው ጋር። ቆይቶ ደግሞ የሰው አንጎልና ሰውነት በተፈጥሮው ለዚህ ዓይነት ኬሚካል የተዘጋጀ ተቀባይ እንዳለው ታወቀ። ሰውነታችን ራሱ ተመሳሳይ ኬሚካል ያመርታል። የምግብ ፍላጎት፣ የሕመም ስሜት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ በዚህ ሥርዓት በኩል ያልፋሉ። ተክሉ በእነዚህ ነገሮች ላይ ለውጥ የሚያመጣው ለዚህ ነው። አስማት የለበትም።

በ2017 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች የነበሩትን ጥናቶች ሰብስበው አንድ ትልቅ ሪፖርት አወጡ። ጠንካራ ማስረጃ አገኘንባቸው ያሉት ሦስት ነገሮች ናቸው። በአዋቂዎች ላይ የሚታይ የቆየ ሕመም፣ በኬሞ ምክንያት የሚመጣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ፣ እንዲሁም የመልቲፕል ስክለሮሲስ በሽተኞች የሚሰማቸው የጡንቻ መገታተር። ለሌሎች ብዙ ሕመሞች ማስረጃው ደካማ ነው ወይም የለም። ካንሰርን ራሱን ይፈውሳል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። ኬሞውን ትቶ በዘይት የሚድን የለም።

የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤቱ ኤፍዲኤም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልራቀም። በላቦራቶሪ የተሠራ ቲኤችሲ የያዘውን ማሪኖል የተባለ እንክብል ከ1985 ጀምሮ ፈቅዷል። በ2018 ደግሞ ከተክሉ የሚወጣ ሲቢዲ የተባለ፣ የማያሰክር ንጥረ ነገር የያዘውን ኤፒዲዮሌክስ አጸደቀ። መድኃኒቱ ለከባድ የሕፃናት የሚጥል በሽታ ነው። አገሩ ዓይኑን ወደዚህ እንዲያዞር ያደረገው የኮሎራዶዋ ሕፃን የሻርሎት ፊጊ ታሪክ ነው። ድራቬት የተባለ በሽታ በሳምንት በመቶዎች ጊዜ ያንዘፈዝፋት ነበር። ሲቢዲ የበዛበት ዘይት ከጀመረች በኋላ በከፍተኛ ደረጃ ቀነሰላት። ታሪኳ በ2013 በቴሌቪዥን ሲታይ ብዙ ወላጅ ቤቱን ሸጦ ወደ ኮሎራዶ ተሰደደ። ኖርዝ ካሮላይናም በ2014 ለሚጥል በሽታ ብቻ የሲቢዲ ዘይትን የሚፈቅድ ጠባብ ሕግ ያወጣችው በዚያ ማዕበል ነው።

አሁን ደግሞ ደጋፊዎች ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር አለ። «ማሪዋና ከተፈቀደ በኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያሉ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎች) የሚሞተው ሰው ይቀንሳል» ይላሉ። ይህ ከየት መጣ? በ2014 አንድ በታወቀ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ እስከ 2010 ባለው መረጃ የሕክምና ማሪዋና ሕግ ያላቸው ግዛቶች በኦፒዮይድ የሚሞተው ሰው 25 በመቶ ገደማ ያነሰ እንደሆነ አሳየ። ዜናው አገር ሞላ። በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ስሌት ወስደው እስከ 2017 ያለውን መረጃ ጨመሩበት። ውጤቱ ተገለበጠ። እንዲያውም ሕጉ ባላቸው ግዛቶች ሞቱ የበዛ ሆኖ ታየ። ማሪዋናው ገደላቸው ማለት አይደለም። መጀመሪያውኑ አንዱ ሌላውን አላመጣውም ማለት ነው።

ይህን የማነሳው ተወካይ ፊት ቆመን የምንናገረው እውነት እንዲሆን ነው። የኬሞ በሽተኛው ጉዳይ ራሱን ችሎ ይቆማል። ድጋፍ የሚሆን የተጋነነ ወሬ አያስፈልገውም። አንድ የተሳሳተ ነገር ከተናገርን ግን ተቃዋሚው እሱን ይዞ ሌላውን ሁሉ ይጥልብናል።

የተቃዋሚዎቹ ስጋትም ባዶ አይደለም። አንጎሉ ያላለቀ ወጣት በብዛት ሲጠቀም የማስታወስና የትምህርት ችሎታው ይጎዳል። በቤተሰቡ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ላይ ቲኤችሲ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። ሱስ የሚሆንበት ሰው አለ። ለነፍሰ ጡር አይመከርም። ዋርፋሪን ከተባለው የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ጋር ይጋጫል። እናቶቻችንና አባቶቻችን ብዙዎቹ የደም ማቅጠኛ ስለሚወስዱ ይህ ቀላል ማስጠንቀቂያ አይደለም። ግን እስኪ እንጠይቅ። እነዚህ አደጋዎች ሐኪም፣ ካርድና የተመረመረ ምርት ሲኖር ነው የሚብሱት ወይስ በሽተኛው ተደብቆ ከማያውቀው ሰው ሲገዛ? ተደብቆ የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ አይነግርም። ሐኪሙም ዋርፋሪኑን አያስተካክልም።

ነዳጅ ማደያው ይሸጣል፣ በሽተኛው ይከለከላል

የኖርዝ ካሮላይናን ሁኔታ ለመረዳት ሁለት ቦታ መሄድ ይበቃል።

አንደኛው ምዕራብ ተራሮች ውስጥ ያለችው ቼሮኪ ናት። የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪ የሆነው የምሥራቃዊ ቼሮኪ ሕዝብ በራሱ መሬት ላይ ራሱን የሚያስተዳድር ነው። በ2024 ኤፕሪል ላይ በግዛቱ ክልል ውስጥ የመጀመሪያውን የሕክምና ማሪዋና መሸጫ ከፈተ። በዚያው ዓመት መስከረም አካባቢ ዕድሜው 21 ለሞላው ሁሉ መሸጥ ጀመረ። ከሻርሎት ሦስት ሰዓት ያህል ይነዳል። ከራሊ ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አንድ በሽተኛ እዚያ ሄዶ በሕጋዊ ደረሰኝ ይገዛል። የቼሮኪን መሬት ለቆ አውራ ጎዳናው ላይ ሲወጣ ግን ወንጀለኛ ነው። ግማሽ አውንስና ከዚያ በታች ከሆነ እስከ 200 ዶላር ቅጣት ነው። ከአንድ ተኩል አውንስ ካለፈ ከባድ ወንጀል ይሆናል።

ሁለተኛው ቦታ ሩቅ አይደለም። ቅርባችሁ ያለው ነዳጅ ማደያ ነው። በ2018 የወጣው የፌዴራል የእርሻ ሕግ ሄምፕን ሲፈቅድ ቀዳዳ ተወ። ከሄምፕ እየተሠሩ የሚያሰክሩ ከረሜላዎች፣ መጠጦችና የሚጨሱ ምርቶች ገበያውን አጥለቀለቁት። ዴልታ 8 የሚባለው አንዱ ነው። ኖርዝ ካሮላይና ለእነዚህ ምርቶች የዕድሜ ገደብ ሳታወጣ ዓመታት አለፉ። ብዙ የሐበሻ ባለሱቆች ይህን ያውቁታል። አከፋፋዩ ያመጣል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ደንበኛው ይገዛል። ውስጡ ስንት ሚሊግራም እንዳለ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ከማመን ሌላ መንገድ የለም።

እንግዲህ አስቡት። የ16 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት አጠገብ የሚያሰክር ከረሜላ ሊገዛ ይችላል። ካንሰር ያለባት የ70 ዓመት እናት ግን በሐኪም ክትትል የተመጠነ ነገር ማግኘት አትችልም። ይህን ሥርዓት «ልጆችን ለመጠበቅ» ብሎ መከላከል አይቻልም። ገዥው ጆሽ ስታይን በ2025 የካናቢስ አማካሪ ጉባኤ ያቋቋሙት ይህ ያለ ደንብ የተተወ ገበያ አሳስቧቸው ነው። ኮንግረስም በኖቬምበር 2025 አብዛኞቹን የሚያሰክሩ የሄምፕ ምርቶች ከአንድ ዓመት በኋላ የሚያግድ ሕግ አሳለፈ። ያ ቀን ሲደርስ፣ እስካሁን ከሱቅ እየገዙ ሕመማቸውን ሲያስታግሱ የቆዩ በሽተኞች ያቺም ትቀርባቸዋለች። ግዛቱ በምትኩ ያዘጋጀላቸው ነገር የለም።

ለእኛ ሰው የተለየ ማስጠንቀቂያ

ከዚህ በታች ያለውን ጽሑፉን ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ዘመድም ንገሩ።

ግዛት ቢፈቅድም የፌዴራል ሕግ ለብቻው ነው። ማሪዋና በ1970 ከሄሮይን ጋር በአንደኛው፣ ከባዱ ምድብ ውስጥ ተቀመጠ። በ2024 ወደ ሦስተኛው ምድብ ለማውረድ ሐሳብ ቀረበ። በዲሴምበር 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥራው እንዲፋጠን ትእዛዝ ፈረሙ። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ኮንግረስ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ በግዛቶች የሕክምና ማሪዋና ሥራ ላይ ገንዘብ አውጥቶ ጣልቃ እንዳይገባ በየበጀቱ ይከለክላል። ይህ ዜጋ ለሆነ በሽተኛ ትልቅ ከለላ ነው። ለስደተኛ ግን አይደለም።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዜግነት ሲጠይቅ «መልካም ሥነ ምግባር» ይመዘናል። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ማሪዋና መጠቀምም ሆነ በዚያ ሥራ መቀጠር፣ ግዛቱ ቢፈቅድም፣ ዜግነት ሊያስከለክል እንደሚችል ግልጽ አድርጓል። ካልተያዝኩ ምን አለበት ማለትም አያዋጣም። ለመኮንኑ «አዎ፣ ተጠቅሜያለሁ» ብሎ ማመን ብቻውን ችግር ሊያመጣ ይችላል። ዜግነት ያላገኘ በሽተኛ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ማሪኖልና ኤፒዲዮሌክስ በሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ የሚገዙ ሕጋዊ መድኃኒቶች ስለሆኑ ከሐኪሙ ጋር ስለ እነሱ መነጋገር ይችላል።

ከባድ መኪና የሚነዱ ወንድሞችና እህቶችም አሉን። የፌዴራል ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ የሕክምና ማሪዋና ካርድን አይቀበልም። ምርመራው ላይ ቲኤችሲ ከተገኘ ውጤቱ ክሊሪንግሀውስ በተባለው የፌዴራል የሾፌሮች መዝገብ ላይ ይመዘገባል፣ መሪው ከእጅ ይወጣል። «ሲቢዲ ዘይት ነው የወሰድኩት» ማለትም አያድንም። በፌዴራል ድጎማ አፓርታማ የሚኖሩ ወላጆች ያሉትም ይጠንቀቅ። ማሪዋና መጠቀም እዚያ መኖሪያ ሊያሳጣ ይችላል።

ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ «ታዲያ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚል አይጠፋም። ዜግነት የወሰደው ብዙ ነው። ልጆቻችን እዚህ የተወለዱ ናቸው። ደግሞም መምረጥ የሚችለው ላልቻለው ይናገራል።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ቤት ይህ ተክል «ሐሺሽ» ነው። ቃሉ ራሱ ያሳፍራል። የባከነ ወጣት፣ የፈረሰ ትዳር፣ የአእምሮ ሕመም ያስታውሳል። ያ ፍርሃት ከመሬት የመጣ አይደለም፣ የደረሰበት ቤተሰብ ያውቀዋል። ነገር ግን ሞርፊንም ከኦፒየም ነው የሚወጣው። ሆስፒታል ውስጥ ነርሷ ለአባታችን ሞርፊን ስትወጋ ቄሱም አይቆጡም፣ ሐጂውም አይቆጡም። መድኃኒት መሆኑን ስለምናውቅ ነው። ስለ ካናቢስም እንዲሁ፣ በምን መጠን፣ በማን ትእዛዝ፣ ለየትኛው ሕመም ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ያፈረ በሽተኛ ለልጁ እንኳ አይናገርም፣ ሥቃዩን ዋጥ አድርጎ ግድግዳ ያያል።

በኖቬምበር 2026 የኖርዝ ካሮላይና 120 ተወካዮችና 50 ሴናተሮች ወንበር በሙሉ ለምርጫ ይቀርባል። የሁለቱም ዘመን ሁለት ዓመት ነው። ተወካይ ስልኩን የሚሰማው ከምንም ጊዜ በላይ አሁን ነው። የእናንተ ተወካይ ማን እንደሆነ በግዛቱ ምክር ቤት ድረ ገጽ ላይ አድራሻ በማስገባት ይገኛል። የሴኔቱን ሰው ሳይሆን የተወካዮች ምክር ቤቱን ሰው ፈልጉ፣ በሩ የተዘጋው እዚያ ነውና።

ሲደወል የሚያነሳው ብዙ ጊዜ የቢሮ ረዳት ነው። ስምና ዚፕ ኮድ ይጠይቃል። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብሎ መፍራት አያስፈልግም፣ ልጅ ወይም ጎረቤት አጠገብ ቁጭ ብሎ ሊያግዝ ይችላል። የሚባለው ረጅም አይደለም። «የወረዳችሁ መራጭ ነኝ። የሕክምና ማሪዋና ረቂቁ ወጥቶ ድምፅ እንዲሰጥበት እፈልጋለሁ። ተወካዩ ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?» ረዳቱ «አስተላልፋለሁ» ብሎ ሊዘጋ ይሞክራል። ያኔ ቀስ ብሎ «መልሱን በጽሑፍ ላኩልኝ» ማለትና አድራሻ መስጠት ነው። ቤት ውስጥ በሽተኛ ካለ እሱንም መናገር ነው፤ በሽታው ምን እንደሆነ፣ ምን መብላት እንዳቃተው፣ ስንት ኪሎ እንደቀነሰ።